ገዳሪፍ ላይ የተከፈለ ሰርቪስ

ካርቱም፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ማሩ፤ ሸሕዲ።

ከሩቅ ሆኜ እጅ እየነሣሁ፣ እርስዎ፣ እታለም ባንቺአየሁና ልጄ ሀብትነሽ እንዴት ከርማችኋል? የቆላው ወባ ከደጃችሁ ይራቅ፤ ሰሊጣችሁንም ነፋስ ሳያራግፈው ሰብስባችሁ ለገበያ ያብቃችሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የእንግዳ ማረፊያው ወጥ ቤት እንደድሮው ነው፤ ሙቀቱ ብቻ ጨምሯል።

ጋሼ፣ መኪናው ተገኘ። አዲስ ፒክአፕ ነው፣ ግራጫ፣ አንድ ቶን ይጭናል። የእኔ ቁጠባና እርስዎ በሾፌሩ በዳኛው እጅ የላኩልኝ ተደምሮ ዋጋው ይሞላል። የጉምሩኩን ነገር መተማ ላይ እርስዎ ይጨርሱታል ብዬ ነው። ከሸሕዲ መተማ ዮሐንስ ድረስ ሰውና ሰሊጥ ቢያመላልሱበት ለሁላችንም መተዳደሪያ ይሆናል።

ሻጩ ታዲያ አንድ ነገር ጨምሮ ነገረኝ። መኪናውን ስንገዛ የሦስት ዓመቱን ሰርቪስ አብረን አስቀድመን ከከፈልን፣ በየስድስት ወሩ ዘይቱን፣ ፊልትሮውን፣ ግራሶውን፣ የፍሬን ምርመራውን ያለ ተጨማሪ ዋጋ ይሠሩልናል። ገዳሪፍ ቅርንጫፍ አላቸው፤ እዚያ ያሉ ሰዎች ዋርሻ የሚሉት ጋራዥ ነው። ካልከፈልን የመኪናው ዋስትና ይቀራል የሚል ነገርም ጣል አደረገ። እርስዎ ብዙ ዘመን በመኪና የኖሩ ሰው ነዎት፤ ምን ይላሉ? እኔ ልግዛው ብያለሁ።

ሀብትነሽ ትምህርት ቤት ገባች ወይ? ያደገችበትን ልክ በክር ለክተው ቢልኩልኝ ቀሚስ አሰፋላት ነበር።

እህትዎ የወለደችልዎ ልጅ፣ አይናዲስ

---

ሸሕዲ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1967 ዓ.ም.

ለልጄ ለአይናዲስ፤ ካርቱም።

የእናትሽ አምላክ በሰው አገር ይጠብቅሽ፤ የምትሠሪበትን እጅ ያበርታልሽ። እኛ ደህና ነን። ሰሊጡ ተነቅሎ ቆሟል። ከጎጃም የመጡት ሠራተኞች ዘንድሮ በርትተዋል፣ ሳይራገፍ ይገባል።

መኪና ማግኘትሽ ደስ አሰኝቶኛል። ስለ ሰርቪሱ ግን ቸኩለሽ እጅሽን እንዳትዘረጊ። አሮጌውን የጭነት መኪና ስነዳ ምን ምን እንደተሰበረብኝ ታስታውሺያለሽ? ባሌስትራ ነው። ጎማ ነው። ፍሪሲዮን ነው። ይህ መንገድ የሚበላው እነሱን ነው። ሰውየውን ጠይቂልኝ፣ እነዚህ በክፍያው ውስጥ አሉ ወይ? የሉም ካለሽ፣ እሱ የሚሠራልሽ ዘይትና ፊልትሮ ብቻ ነው፤ ዘይት ደግሞ እኔ ከግራር ጥላ ሥር አንድ ጠዋት ውስጥ እቀይራለሁ። ይህን ለማሠራት ገዳሪፍ መሄድና መመለስ ነዳጁ ብቻ ከዘይቱ ዋጋ ይበልጣል፣ መኪናው ሳይሠራ የሚቆምበትን ቀን ሳንቆጥር።

ደግሞም ክረምት አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም መረሬው ጥቁር ጭቃ ጎማ ይዞ አይለቅም። ቀኑ ሲደርስ ባንሄድ ያለፈውን ይሠሩልናል ወይስ ይቀራል? መኪናውን ብንሸጠው ለገዢው ይተላለፋል? ገንዘቡስ ይመለሳል? የዋስትናውንም ነገር ፊት ለፊት ጠይቂው። ዋስትና የፋብሪካው ነው፤ እሱ የሚሸጥልሽ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አደባልቆ እንዳይሸጥልሽ።

እኔን ካልሽ ያንን ገንዘብ ለጎማና ለባሌስትራ አስቀምጪው።

ሀብትነሽ ደህና ናት።

አጎትሽ ማሩ

---

ካርቱም፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1967 ዓ.ም.

ለጋሼ ማሩ፤

የልደት በዓል በሰላም አድርሷችሁ ይሆናል። እኔ እዚህ ከሁለት የጎንደር ልጆች ጋር ዶሮ ሠርተን ዋልን።

ያዘዙኝን ሁሉ ጠየቅሁ። ጎማ የለበትም። ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ባትሪ የለበትም። ቀኑ ካለፈ ያንን ዙር አጣነው ማለት ነው፤ ለክረምት ግን አንድ ወር ይታገሡናል። ገንዘብ አይመለስም። ለሌላ መኪናም አይዞርም። የዋስትናውን ነገር ሳነሣበት ሳቅ ብሎ፣ «ዘይቱ በጊዜው መቀየሩን በደረሰኝ ካሳያችሁ ዋስትናው የትም አይሄድም» አለኝ። እርስዎ እንዳሉት ነው።

እንዲህም ሆኖ ግን፣ ጋሼ፣ አዲስ መኪና በማያውቅ እጅ ባይነካ ይሻላል ብዬ አስባለሁ። ገዳሪፍ ያሉት ለዚህ የተማሩ ናቸው። ደግሞ ገዳሪፍ ሩቅ አይደለም፤ በበጋ አንድ ቀን መንገድ ነው። ከእርስዎ ጋር እታለምም፣ ልጅቷም አየር ቀይረው ቢመለሱ ምን አለበት? ከካርቱም ገዳሪፍ በአውቶቡስ እኔም መምጣት አያቅተኝም። ሁለት ቀን ፈቃድ ይሰጡኛል።

የክሩን ልክ ጠብቄ ነበር፣ ከደብዳቤው ጋር አላገኘሁትም። ምናልባት ወድቆ ይሆናል።

አይናዲስ

---

ሸሕዲ፣ የካቲት 6 ቀን 1967 ዓ.ም.

ለአይናዲስ፤

ጤናሽን እመኛለሁ። መልሱ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው።

ራስሽ ጠይቀሽ ራስሽ መልሱን አመጣሽልኝ፤ ከዚያ ወዲያ እኔ የምጨምረው የለም። የሚሰበረውን የማይጠግን፣ ገንዘብ የማይመልስ፣ በቀን የሚገድብ ነገር ለእኛ መንገድ አይሆንም። ገዳሪፍ ወይም ካርቱም ለሚኖር፣ በአስፋልት ለሚነዳ ሰው ይጠቅም ይሆናል። ለእኛ አይደለም። ስለ እጁ አታስቢ፤ የእኔ እጅ አዲስ አይፈራም።

ባንቺአየሁ ሰሞኑን ታማ ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። መንገድ የሚያስኬድ አቅም ግን የላትም። ልጅቷም ከትምህርቷ ባትስተጓጎል ይሻላል።

ገንዘቡ ካለሽ ሁለት ትርፍ ጎማ ላኪልኝ።

ማሩ

---

ካርቱም፣ የካቲት 24 ቀን 1967 ዓ.ም.

ለጋሼ ማሩ፤

እታለም ባንቺአየሁን እግዚአብሔር ፈጽሞ ይማርልኝ። ምን እንዳመማት ግን አልጻፉልኝም።

ሰርቪሱን ገዛሁት። ምክርዎን ንቄ አይደለም። ያሉኝ ሁሉ እውነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ወጥ ቤት ያለ ሰው እንኳ አስልቶ የሚደርስበት ነው። ጎማዎቹንም ከፒክአፑ ጋር ልኬያለሁ፤ ለዚህ ሲባል ትንሽ ተበደርኩ፣ እከፍለዋለሁ።

የገዛሁበትን ምክንያት ልንገርዎ። ሀብትነሽን ትቼያት ስወጣ ጡት ከጣለች ጥቂት ጊዜዋ ነበር። ባሌ ሞቶ፣ እጄ ባዶ ሆኖ፣ ከሰሊጥ ሠራተኞች ጋር ተሻግሬ ቀረሁ። በያመቱ ገዳሪፍ ድረስ አመጣልሻለሁ ይሉኛል። ካቻምና ዝናቡ ቀደመ። አምና ሰሊጡ አልተሸጠም። ዘንድሮም አንድ ነገር አይጠፋም። እኔ ከዚህ አገር ከወጣሁ የመኖሪያ ወረቀቴ አይመልሰኝም፤ ካልሠራሁ ደግሞ ለማናችሁም አልሆንም። እርስዎን አውቅዎታለሁ፤ የተከፈለበትን ነገር ሜዳ ላይ ጥለው አያድሩም። መኪናው በየስድስት ወሩ ገዳሪፍ መምጣት ግድ ከሆነበት፣ ልጄም አብራ ትመጣለች ብዬ ነው። ዘይቱን አይደለም የገዛሁት።

ካስቀየምኩዎ ይቅር ይበሉኝ። መኪናው አዲስ ስለሆነ የመጀመሪያው ቀን ቀደም ብሎ ግንቦት ላይ ነው።

አይናዲስ

---

ሸሕዲ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1967 ዓ.ም.

ለልጄ ለአይናዲስ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ፒክአፑን ዳኛው ከገዳሪፍ ተቀብሎ አምጥቶልኛል፤ ደህና መኪና ነው፣ ሞተሩ ድምፅ የለውም። እዚህ መሬቱ ሁሉ የሕዝብ ነው ተብሎ ታውጇል። የእኔም እርሻ ወደ ማን እንደሚዞር ገና አልታወቀም። እንግዲህ የቀረን ይኸው መኪና ነው፤ በጊዜው ደረስሽልን።

የዚያን ቀን ዓይኔን አሞኝ ደብዳቤሽን ዳኛው ሲያነብልኝ ባንቺአየሁ ከበሩ ጀርባ ሆና ትሰማ ነበር። ዳኛው ከወጣ በኋላ መጥታ ተቀመጠች።

«ልትወስዳት ነው» አለችኝ።

«ሰርቪስ ነው የገዛችው» አልኳት።

«ማሩ፣ እኔን አታታልለኝ። ልጅቷ እማዬ የምትለኝ እኔን ነው። ገዳሪፍ ወርዳ እናቷን አይታ ወደኔ የምትመለስ ይመስልሃል?»

አየሽ፣ እኔም ስለ ባሌስትራና ስለ ነዳጅ የጻፍኩልሽ ሁሉ እውነት ነበር፤ ግን ይህም ነበረበት። እግዚአብሔር ለእኛ ልጅ አልሰጠንም። ባንቺአየሁ በሽታዋ ይህ ነው፣ ሐኪም መድኃኒት አላገኘላትም።

ሰንብታ ግን ራሷ የሀብትነሽን ቀሚስ አጥባ፣ «አብሬ እሄዳለሁ፤ ይዤ ወርጄ ይዤ እመለሳለሁ» አለችኝ። ሦስታችንም እንመጣለን። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ልጅቷን እዚያው ላስቀራት እንዳትይ። ጊዜው ሲደርስ ተነጋግረን እንጂ በድንገት አይሁን።

ክሩ ከዚህ ጋር አለ። መጀመሪያም አልወደቀም።

አጎትሽ ማሩ

---

ካርቱም፣ ሰኔ 3 ቀን 1967 ዓ.ም.

ለምወድዎ ለጋሼ ማሩና ለእታለም ባንቺአየሁ፤

በደህና መግባታችሁን ከዳኛው ሰምቼ አመሰገንሁ። ዝናቡ ሳይዛችሁ መድረሳችሁ ጥሩ ሆነ።

የገዳሪፉን የመጀመሪያ ቀን እናንተም አይታችሁታል። ሀብትነሽ ከእታለም ነጠላ ሥር አልወጣ አለች። የሰፋሁላትን ቀሚስ እንኳ በሁለት ጣቷ ነበር የያዘችው። እኔ የማደርገውን አጥቼ ስለ መኪናው ስጠይቅዎ ዋልሁ። ማታ ላይ ተስፋዬ ተቆርጦ ነበር፤ ነገ ሠርተው ሊጨርሱ፣ እናንተ ልትሄዱ።

ሲነጋ ዋርሻው፣ ፊልትሮ ከካርቱም እስኪመጣ ቆዩ ሲላችሁ እርስዎ እንዴት እንደተቆጡ ትዝ ይለኛል። «ሦስት ዓመት አስቀድማችሁ ተቀብላችሁ አንድ ፊልትሮ መደርደሪያ ላይ የላችሁም?» አሉት። ልክ ነበሩ። እኔ ግን ከጀርባዎ ቆሜ ፊልትሮው እንዳይመጣ እጸልይ ነበር። ለአለቃዬም ታመምኩ ብዬ ቃል ላክሁ።

ያን ቀን እርስዎ ዋርሻው ደጅ ሲቀመጡ እታለም፣ «ፀጉሯ አቧራ ጠጥቷል፤ እጠቢላት፣ እኔ ወገቤን አሞኛል» ብላ ትታን ወጣች። ወገቧን እንዳላመማት አውቃለሁ። ሀብትነሽ መጀመሪያ እንደ እንጨት ደርቃ ተቀመጠችልኝ። ውሃውን ሳፈስባት፣ «እማዬ እንዲህ አይደለም የምታጥበኝ» አለችኝ። «እንዴት ነው?» አልኳት። «ጆሮዬን በእጇ ትሸፍነዋለች።» ሸፈንኩላት። ከዚያ በኋላ አፏ ተከፈተ፤ ስለ ትምህርት ቤቷ፣ ስለ ጎረቤት ፍየል፣ ስለ እርስዎ ማንኮራፋት ሁሉ ነገረችኝ። እታለም ስትሠራላት እሾህ መስሎ ስለሚወጋት ሹሩባም ሳይቀር።

እታለም፣ አደራሽን አልበላሁም። ልጅቷን አስቀራለሁ አላልኩም፣ ልቤ ግን ብሎ ነበር። ስትሳፈሩ የመኪናውን በር ይዘሽ ያየሽኝን አልረሳውም። በኅዳር እንገናኝ።

የእናንተው አይናዲስ

---

ሸሕዲ፣ ኅዳር 20 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለልጄ ለአይናዲስ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ይህን ደብዳቤ ከድንበሩ ማዶ ወደ ገላባት የሚሻገር ዘመድ ያደርስልሻል፤ ዳኛው ከእንግዲህ አይሻገርም።

በኅዳር አጋማሽ ሦስታችንም ተነሥተን መተማ ዮሐንስ ደርሰን ነበር። ሀብትነሽ ከኋላ ከጭነቱ ጋር ልሁን ብላ አስቸግራ ከፊት አስቀመጥናት። ኬላው ላይ አስቆሙን። በየጫካው ሽፍታ ተነሥቷል፣ መኪና ወደ ሱዳን አያልፍም አሉ። የሰርቪሱን ወረቀት ባሳይም፣ «ዘይትህን ጎንደር ቀይር» አለኝ አንዱ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ የታዘዘውን ነው። ነጋዴ በእግሩ ያልፋል፣ እሱም ነገ መቅረቱ አይቀርም ይባላል። ባንቺአየሁ በእግር እንሂድ ብላ ነበር። ከገላባት ወዲያ ሎሪ ይገኝ አይገኝ ስላላወቅን ከለከልኳት።

ልጅቷ እስከ ሸሕዲ ስታለቅስ መጣች።

አሁን የምጽፍልሽን ባንቺአየሁ ናት ጻፍ ያለችኝ፤ ቃሏን እንዳለ ልስጥሽ። «ኬላው ሳይዘጋ ትምጣ በላት። ያለ ወረቀትም፣ ያለ ገንዘብም ትምጣ። ልጅቷን ትለይብኛለች ብዬ ስፈራት የነበረው ቀርቷል። ቤቱ ይበቃናል። እኔም እያረጀሁ ነው።» ይኸው ነው ያለችኝ። ከዚያ ተነሥታ ሄደች።

እኔ ግን ሥራሽን ትተሽ ነይ ብዬ ለማዘዝ አልደፍርም። አስቢበት። ፍሪሲዮኑ ማንሸራተት ጀምሯል፤ ጎንደር መውሰዴ ነው።

ማሩ

---

ካርቱም፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለጋሼ ማሩ፤

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ወጥ ቤት ነበርሁ። ሳነበው ሽንኩርቱ አረረብኝ።

ሻጩ ዘንድ ሄጄ ነበር። ድንበሩ ተዘግቶብናል፣ ቢያንስ የቀረውን ግማሹን መልሱልኝ አልሁት። ወንበር ሰጥቶ፣ ሻይ አዝዞ፣ በትሕትና እንቢ አለኝ። ስንዋዋል ገንዘብ አይመለስም ብሎኝ ነበርና የምከራከርበት የለኝም። መኪናውን ካመጣችሁ ግን እንሠራለን አለ። ለሌላ ሰው ልሽጠው ብል፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የእናንተ መኪና ነው አለኝ። ከስድስቱ አንዷን ብቻ ተጠቅመን ቀረን።

እዚህ አብራኝ የምትሠራው አገኘሽ ባሏ ታክሲ ሊገዛ ነውና ይህንኑ ሰርቪስ ይግዛ አይግዛ ብላ ጠየቀችኝ። «ቤታችሁ ከዋርሻው አጠገብ ከሆነ፣ ዕቃው መኖሩን በዓይናችሁ ካያችሁ፣ ብዙ የሚነዳ ከሆነ አስሉት። ካልሆነ ገንዘባችሁ በእጃችሁ ይሁን፤ ሲበላሽ ትጠግኑበታላችሁ» አልኳት። የእርስዎን ቃል ነው የሰጠኋት። «አንቺስ ተጸጸትሽ?» አለችኝ። አልተጸጸትኩም አልኳት። ያቺን አንዲት ሰርቪስ ዛሬም ቢሸጡልኝ በዚያው ዋጋ እገዛታለሁ።

ከአለቃዬ ጋር ተነጋግሬያለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ሠርቼ ደመወዜን ተቀብዬ እነሣለሁ። ከገዳሪፍ ገላባት በሎሪ፣ ከዚያ ከነጋዴዎቹ ጋር በእግሬ። ለሀብትነሽ አይንገሯት። ከመንገድ ብመለስ እንደ ኬላው ቀን ዳግመኛ እንድታለቅስ አልፈልግም።

አይናዲስ

---

ሸሕዲ፣ ጥር 16 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለጋሼ ማሩ፤ ጎንደር፣ መኪና በሚያሠሩበት ጋራዥ።

ይህን የጎንደሩ አውቶቡስ ረዳት ያደርስልዎታል። ከሸሕዲ ለእርስዎ ደብዳቤ ስጽፍ እጄ ግራ ገብቶታል።

በሰላም ገባሁ። ገላባት ላይ ሎሪው ሁለት ቀን አስጠብቆኝ ነበር። ከዚያ ሰሊጥ ሊገዙ ከሚሻገሩ ሴቶች ጋር ወረድሁ፤ ወንዙ ደርቋል። ኬላው ላይ አንዱ ወታደር ሻንጣዬን ከፍቶ፣ «የት ነው?» አለኝ። «ቤቴ ነው» አልሁት። ማሰሮና ልብስ ብቻ መሆኑን አይቶ ዘጋልኝ።

ቤት ስደርስ ሀብትነሽ ትምህርት ቤት ነበረች። እታለም ደጅ ላይ ሰሊጥ ታነፍስ ነበር። ሰፌዱን አስቀምጣ፣ ሻንጣዬን ከእጄ ተቀብላ ወደ ውስጥ አስገባችው። ከዚያ ተቃቅፈን ቆየን። ኋላ ላይ፣ «መደቡን በመስኮቱ በኩል አድርጌልሻለሁ፤ እዚያ ነፋስ አለ» አለችኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ሁለታችንም እንፈራራለን፤ ልጅቷ ውሃ ስትጠይቅ ሁለታችንም እንነሣለን፣ ሁለታችንም መልሰን እንቀመጣለን። ሀብትነሽ ራሷ ሄዳ ትቀዳለች።

ፍሪሲዮኑ ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይቆያል ማለትዎን ሰምተናል። የመጨረሻው ደመወዜ እጄ ላይ አለ፤ በዚሁ ረዳት ልኬያለሁ፣ ለሠሩት ልክ ይክፈሉ። ባሌስትራውንም አብረው ያሳዩት።

በመጣሁ ቀን ሀብትነሽ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ብዙ አየችኝ። ከዚያ መጀመሪያ ያለችኝ፣ «መቼ ነው የምትሄጂው?» ነው። አልሄድም አልኳት። እታለምን ዞራ አየቻት፤ እሷም አትሄድም አለቻት። በማግስቱም ገና ከእንቅልፏ ስትነሣ ጠየቀችኝ፣ ከዚያም ወዲያ ስንት ጊዜ። እኔም አልሄድም እላታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ግን ቁርሷን በልታ፣ ደብተሯን ይዛ፣ ሳትጠይቀኝ ወጣች።

አይናዲስ